ማንም ሳይጠየቅ

ኤሌክታ ልጇ ኦሪን ከተማ ውስጥ ምን እያለ እንደሚያስጨበጭብ ለማወቅ ከጓጓች ቆይታለች። እነሱ ሸለቆ፣ ኦኖንዳጋ በተባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ምድር፣ ኦሪን ሲናገር ሰው ዝም ብሎ ይሰማል፤ ሲጨርስም ዝም ይላል፤ የሚመልስ ካለ አድሮ ይመልሳል። ከተማ ውስጥ ግን ገና ሐሳቡን ሳይቋጭ እጅ ይመታል፣ ወለል ይደበደባል ይላሉ። "ሰው አፉን ሳይዘጋ መንጫጫት ምን የሚሉት ወግ ነው? ወይስ የነሱ መስማት እንዲህ ነው?" ትል ነበር። ስለዚህ አንድ የመኸር ቀን፣ ቅርጫቶቿን ሸጣ ስታበቃ፣ ወደ ቤት በመመለስ ፈንታ ወደ ከተማው አዳራሽ ገባችና ከኋላ ተቀመጠች።

ኤሌክታ የኤሊ ወገን እናት ናት። የወገኑን ሴቶች አማክራ ሹም የምትመርጠው እሷ ናት፤ የአጋዘን ቀንድ ያለበትን ቆብ የምታስደፋው እሷ ናት፤ ካጠፋም የምታስወልቀው እሷው ናት። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚባልበት አገር አለ፤ እዚህ ግን ሹመት የሚበላ ነገር የለውም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ያለውን የሚያወጣ፣ ከመንደሩ ሁሉ ኮቱ የነተበ ሰው ካያችሁ ሹሙ እሱ ነው። ቆዳው ሰባት ስንዝር ይወፍር፣ ሐሜትና ስድብ አይዝለቀው ተብሎ ይመረቃል። የኤሌክታ ወንድም ሲሞት የሹመት ስሙና ወንበሩ ባዶ ቀሩ፤ እሷም የእህቶቿንና የአክስቶቿን ልጆች ሁሉ ስታጤን ከረመችና በመጨረሻ ስሙን ለገዛ ልጇ ሰጠችው። ደግ ነው፣ ቁጣ አያውቅም፣ ከአፉ ነጥቆ ያጎርሳል። አንደበቱ ማር መሆኑንም ያኔ ታውቃለች። ማር ዝንብ እንደሚጠራ ግን አላሰበችበትም።

ኦሪን መድረኩ ላይ ቆሞ ነበር። የከተማውን ቋንቋ ኤሌክታ ትሰማለች፤ ቅርጫት ስትሸጥ ኖራ እንዴት አትሰማ፤ መናገሩ ነው የሚያሳፍራት።

"እኛን የሚሾሙን እናቶቻችን ናቸው" አለ ኦሪን። "ካጠፋሁ እናቴ ትመክረኛለች። ደግሜ ካጠፋሁ ደግማ ትመክረኛለች። በሦስተኛው ቀንዴን ታወርደዋለች። አያቶቻችሁ አገራቸውን ሊያቆሙ ሲነሡ ከሽማግሌዎቻችን ጋር ተቀምጠው ብዙ ነገር ጠይቀዋል። ይህን ግን ወይ አልጠየቁም፣ ወይ ሰምተው ረስተውታል!"

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ቀጭን ሴት እጇን አወጣች።

"ይቅርታ፣ ይህ ሲደረግ በዓይኑ ያየ አለ? ወይስ እንዲያው የሚወራ ነው?"

"እናቴን ብትጠይቋት ይሻላል፤ እኔ እንኳ አያሳየኝ ብያለሁ" አለ ኦሪን። እንደገና ተሳቀ።

ከዚያ አንድ ጢማም ሰው ከወንበሩ ተነሣ። "መንግሥት መሬታችሁን ለየቤተሰቡ ቆርሶ ሊያከፋፍል አስቧል። ሰዎችዎ ይቀበላሉ?"

ኦሪን ቀና አለ። "ሕዝቤ መሬቱን አያስቆርስም! እናት ለልጆቿ ተቆርሳ አትታደልም። ዛሬም አይሆንም፣ ነገም አይሆንም!"

ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። ኤሌክታም ደረቷ በኩራት ተነፋ፤ እጆቿ ሳታዛቸው ያጨበጭቡ ጀመር። ከዚያ ድንገት መሃል ላይ ቀሩ። ማን ጠየቀ? የመሬቱ ነገር በሸለቆው ውስጥ ገና ወሬ ነው። ሴቶቹ አልተቀመጡበትም። ሸንጎው በሚመክርበት እሳት ፊት አላቀረበውም። የወገኑ እናት ተብላ ራሷ ኤሌክታ እንኳ ምን ታስቢያለሽ ያላት የለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ይህ ቃል ደግሞ በነገው ጋዜጣ ላይ ኦኖንዳጋ አለች ተብሎ ሊወጣ ነው።

በጋሪ ወደ ቤት ሲመለሱ ኦሪን ልጓሙን እንደያዘ ፊቱ በርቶ ነበር።

"ሰማሽኝ አይደል እማዬ?"

"ሰማሁህ። አጨብጭቤልሃለሁም፤ አልዋሽህም።"

"ታዲያ ፊትሽ ምነው ጠቆረ?"

"መሬቱ አይቆረስም ያልከው፣ ማን ያለውን ነው?"

"ሁሉም ያለውን!"

"ሁሉም ማን ነው?"

"እማዬ ሙች፣ ሸለቆው ውስጥ መሬት ይቆረስልኝ የሚል አንድ ሰው ጥሪልኝ።"

"አላውቅም።"

"አየሽ!"

"አላውቅም አልኩህ እንጂ የለም አልኩህ? አልጠየቅሁማ። አንተም አልጠየቅህ።"

"የታወቀ ነገር ይጠየቃል እንዴ?"

"የታወቀ ከሆነ መጠየቁ ምን ይጎዳሃል?"

ኦሪን ሳቀ። እናቱ አልሳቀችም። እጇን ዘርግታ ልጓሙን ሳበችና ፈረሱን አቆመችው።

"በጸደይ የከተማው ዳኛ በሸለቋችን ስለሚያልፈው መንገድ ሲጠይቅህ፣ ማንንም ሳትጠይቅ ስትመልስለት መክሬሃለሁ" አለችው። ድምጿ የእናት ድምፅ መሆኑ ቀርቶ የወገን ድምፅ ሆኖ ነበር። "ይህ ሁለተኛዬ ነው። በሦስተኛው ብቻዬን አልመጣም።"

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ፣ "ገባኝ፣ አይደገምም" አለ። ከልቡ እንዳለው ኤሌክታ ታውቃለች። ልጇ ውሸታም አይደለም። ችግሩ ሰው ሲጠይቀው ዝም ማለት አለመቻሉ ነው።

በሳምንቱ ያቺ እጇን ያወጣችው ቀጭን ሴት ሻንጣዋን ይዛ ኤሌክታ በር ላይ ደረሰች። ወይዘሮ ፔንደር ትባላለች። በዓይኗ ካላየች የማታምን ሴት ናት፤ ኤሌክታ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው ትወዳለች። አልጋ ሰጠቻት፤ ከእህቷ ከፊሊንዳ ጋር በአመድ የተቀቀለ በቆሎ አሽተው ገለፈቱን ሲያጥቡ እሷንም እጅጌዋን አስሰብስበው አስቀመጧት። ፊሊንዳ ወጣት ሳለች ከተማ ሠርታ ቋንቋውን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች፤ ምላሷም እንደ ምላጭ ነው። እንግዳዋ ልትጠይቅ ነበር የመጣችው፤ ግን ኤሌክታ ቀደመቻት።

"ትልቁን ሹማችሁን ማን ነው የሾመው?" አለች በፊሊንዳ አፍ።

"ሕዝቡ መርጦት ነው።"

"አንቺም መረጥሽው?"

"እኔማ... ሴቶች አንመርጥም።"

"ታዲያ ሕዝቡ ስትዪ?"

"ወንዶቹን ማለቴ ነው።" ወይዘሮ ፔንደር ጉሮሮዋን ጠራረገች። "እያንዳንዱ የሚፈልገውን ሰው ስም ሳጥን ውስጥ ይከታል። ብዙ ድምፅ ያገኘው ይሾማል።"

"ያልተሾመውን የፈለጉት ሰዎችስ?"

"ይሸነፋሉ።"

"ተሸንፈው የት ይሄዳሉ?"

"የትም አይሄዱም። አኩርፈው ይቀመጡና በአራተኛው ዓመት እንደገና ይሞክራሉ።"

ኤሌክታ እጇን ከውሃው አወጣች። "አራት ዓመት ያኮረፈ ሰው ከጎንሽ እያደረ እንቅልፍ ይወስድሻል?"

"ለምደነዋል።"

"ሹሙ ቢያጠፋስ? እናቱ ምን ትለዋለች?"

"እናቱማ ትኮራበታለች እንጂ ምን ትለዋለች።"

ፊሊንዳ ተንከትክታ ሳቀች። "አየሽልኝ እህቴ! ቤታችንን አይተው ቤት ሠሩ፤ ምድጃውን ረሱት!" ብላ በገዛ ቋንቋዋ ከተናገረች በኋላ ለእንግዳዋ ደግሞ ተረጎመችላት። ወይዘሮ ፔንደርም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ከሰመ። በቆሎውን እያየች ለኤሌክታ ጆሮ በማይደርስ ዝቅ ያለ ድምፅ አንድ ነገር ተናገረች። ፊሊንዳ አልተረጎመችውም።

"ምን አለች?" አለች ኤሌክታ።

"ተይው።"

"ምን አለች እኮ ነው የምልሽ!"

"ልጆቼ እንኳ በሕግ የባሌ እንጂ የኔ አይደሉም ነው የምትለው።"

ኤሌክታ እንግዳዋን ትክ ብላ አየቻት። ልጅ የእናቱን ወገን ካልያዘ ማንን ይይዛል? የዚህች ሴት ልጆች ጠፍተው ቢገኙ የማን ናቸው ይባላል? ልትጠይቃት ብዙ ነገር ምላሷ ላይ መጣ፤ ሴትዮዋ እንዳታለቅስባት ብላ ዋጠችው። ይልቅ ከድስቱ ሞቅ ያለ ሾርባ ቀዳችላት።

ሾርባው ሳያልቅ ጃቤዝ መጣ። ጃቤዝ ሴቶቹ የተስማሙበትን ቃል ወደ ሸንጎ የሚያደርስ፣ ጎበጥ ያለ ሽማግሌ ነው። ሁልጊዜ ቀልድ ይዞ ይገባል፤ ዛሬ ባርኔጣውን ብቻ ይዞ ገባ።

"መሬቱን ሊያከፋፍሉ መንግሥት የላካቸው ሹሞች፣ ኮሚሽነሮቹ፣ ደርሰዋል" አለ። "ባቡር ጣቢያው ላይ ኦሪን ተቀበላቸው።"

"ይሁን፣ እንግዳ መቀበል ደግ ነው" አለች ኤሌክታ።

"ጠየቁት።"

ኤሌክታ ማንኪያውን አስቀመጠች።

"መለሰላቸው" አለ ጃቤዝ። "'ሕዝቤ አይቀበልም፣ በከንቱ ደከማችሁ' አላቸው። ጋዜጠኛም ነበር። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አሉ። እኔማ ሁለቱም ደርሶብኛል።"

ማንም አልሳቀለትም። ፊሊንዳ ናት መጀመሪያ የተናገረችው፤ እጇን በሽርጧ ላይ እየጠረገች። "ኮሚሽነሮቹ እስኪሄዱ እንለፈው። ቋንቋቸውን እንደሱ አሳምሮ የሚናገር ሌላ ማን አለን? ነገ ሸንጎ ፊት ሲቀመጡ የቀኝ እጃችንን ቆርጠን ልንጠብቃቸው ነው?"

ነገሩ ሲተረጎምላት ወይዘሮ ፔንደርም ግራ ገባት። "ግን እኮ ያለው እናንተ የምትፈልጉትን ነው! ጥፋቱ ምንድን ነው?"

"ዛሬ የምፈልገውን አለ" አለች ኤሌክታ። በከተማው ቋንቋ ነበር፤ ኃፍረቱን ረስታዋለች። "ነገ የማልፈልገውን ሲል በምን እይዘዋለሁ? ዛሬ ደስ ስላለኝ ለቅቄው፣ ነገ ስለከፋኝ ልይዘው ነው?"

ይህን ብላ ስታበቃ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ያን ስም ከወንድሟ ሬሣ ራስጌ ተቀብላ በልጇ ላይ ያኖረችው በገዛ እጇ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ደግሞ እናት ሁለት አትወልድም። ሸለቆው ቢያጣው ጉዳት ነው፤ እሱ ቢጠላትስ? ደግሞም መሬቱ አለ። ኮሚሽነሮቹ "ተከፋፍለዋል" ብለው ቢጽፉ፣ ልጇንም መሬቱንም ባንድ ቀን ልታጣ ነው።

የኤሊ ወገን ሴቶች በነጋታው ማለዳ እሷ ግቢ ተሰበሰቡ። ኤሌክታ ነገሩን ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገረችና ከታናሽቱ ጀምራ በየተራ ጠየቀች። ሕጉ ልብ ሁሉ አንድ እስኪሆን ድረስ ነው፤ አንዲቱ ብቻ "እኔ አልስማማም" ብላ ብትጸና ኦሪን ቀንዱን እንደደፋ ይቀራል። እንዳትዋሽ ከተባለ፣ ኤሌክታ ያቺን አንዲት ሴት ነበር የምትጠብቀው። እያንዳንዷ አፏን በከፈተች ቁጥር "ይቺ ናት" ትላለች በልቧ። አንዷ አለቀሰች፤ ግን ተስማማች። አንዷ ኦሪን ክረምቱን ሙሉ እንጨት እንደፈለጠላት ስታወራ ቆየችና፣ "ቢሆንም አልጠየቀኝም" አለች።

ተራው ፊሊንዳ ዘንድ ደረሰ። በነሱ ወግ የእናት እህት አክስት አትባልም፤ እናት ናት፤ ኦሪንም ሁለቱንም "እናቴ" እያለ ነው ያደገው። ያጠባችውም ጊዜ አለ።

"ትናንት እንለፈው ብዬ ነበር" አለች ፊሊንዳ፤ ምላጭ ምላሷ ደንዝዞ። "ሌሊቱን ሳስበው ግን፣ የሌላ ሴት ልጅ ቢሆን እንለፈው እል ነበር ወይ? አልልም። እስማማለሁ። አሁን ፊቴን አትመልከቺ፣ ኤሌክታ።"

የቀረችው ኤሌክታ ራሷ ነበረች። እሷም እምቢ ማለት ትችላለች፤ ማንም አይከለክላትም። ሴቶቹ ሁሉ መሬት መሬት እያዩ ጠበቋት።

"እስማማለሁ" አለች።

ቀትር ላይ የሸንጎው ቤት ጢም ብሎ ሞልቷል። ኮሚሽነሮቹ ሦስቱም የክብር ቦታ ተሰጥቷቸው ተቀምጠው ነበር፤ ወይዘሮ ፔንደር ከሴቶቹ መቀመጫ ጫፍ ላይ። የምስጋናው ቃል ለምድሩ፣ ለውሃው፣ ለእህሉ፣ ለፀሐዩ ተዳርሶ አለቀ። ኮሚሽነሮቹ ሐሳባቸውን ተናገሩ፤ ኦሪንም ተረጎመ። ከዚያ ኤሌክታ ተነሣች፤ ጃቤዝም ከጎኗ። ቤቱ ጸጥ አለ። ኦሪን እናቱንና ሽማግሌውን አንድ ላይ ሲያይ ፊቱ አመድ ለበሰ። በሦስተኛው ብቻዬን አልመጣም ብላው አልነበር?

"ኦሪን" አለ ጃቤዝ፤ "እናቶችህ በጸደይ መከሩህ። በመኸር መከሩህ። ምክራቸውን ፍለጋ አንተ ዘንድ ብንመጣ አጣነው። ስለዚህ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ቀንዱን ካንተ ላይ አነሣለሁ። የተሸከምከው ስም ወደ እናቶቹ ይመለሳል። አንተ ከወገንህ ወንዶች እንደ አንዱ ነህ።"

የኦሪን አፍ ተከፈተ። ያ አንደበት ቢነሣ ቤቱን ሁሉ ሊያስለቅስ እንደሚችል ሁሉም ያውቃል። አፉን መልሶ ዘጋው።

"ዝቅ በልልኝ ልጄ፣ አልደርስም" አለ ጃቤዝ ቀስ ብሎ።

ኦሪን ጎንበስ አለለት። ሽማግሌው ቆቡን አንሥቶ ለኤሌክታ ሰጣት። ገና ሙቀት ነበረው። ታቅፋው ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ አላለቀሰችም፤ ማልቀስ ያምራት ነበር፤ እንባዋ ግን እምቢ አለ። ኦሪን ቤቱን ጥሎ የሚወጣ መስሏቸው ሰዎች መንገድ ለቀቁለት። እሱ ግን ወደ ኤሊ ወገን ወንዶች መቀመጫ ሄደና ጫፉ ላይ ተቀመጠ።

ኮሚሽነሮቹ ፊታቸው እንደበራ አንሾካሾኩ። ትልቁ ኮሚሽነር ተነሥቶ፣ "ታዲያ ይህ ሰው ያለውን አትቀበሉም ማለት ነው፤ መሬቱ ይከፋፈል ማለት ነው!" አለ። የእሳቱ ጠባቂ፣ ሸንጎውን የሚመራው ሽማግሌ፣ ፊሊንዳ ነገሩን ስትተረጉምለት፣ "ዛሬ እናንተ ተናገራችሁ። ዛሬ የተናገረ ዛሬ መልስ አይሰማም። ነገ ኑ" አላቸውና ሸኛቸው።

ከዚያ ነገሩ እሳቱ ፊት ቀረበ። እያንዳንዱ ወገን በየመቀመጫው መነጋገር ጀመረ፤ ጃቤዝም የኤሊ ወገንን ወንዶች በየተራ ጠየቀ። ኦሪን ተራው ሲደርስ፣ "እኔ አይቆረስ ነው የምለው" አለ በአጭሩ። ከሱ ቀጥሎ የተቀመጠው ላይማን ነበር፤ የፈረስ ዕቃ የሚጠግን፣ ከወንዙ ዳር ብቻውን የሚኖር፣ ድምፁን ሰው የማያውቀው።

"እኔ ይቆረስ ነው የምለው" አለ ላይማን።

ኦሪን ዘወር ብሎ አየው። ሁሉም ዘወር ብለው አዩት።

"ለምን?" አለ ጃቤዝ፤ በቁጣ አይደለም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው።

"የጎረቤቴ አሳማዎች በቆሎዬን ፈጁት። ዓምናም ፈጁት። መሬቱ ከተቆረሰ አጥር አጥሬ እገላገላለሁ።"

"ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?" አለ ኦሪን ሳያስበው።

"መቼ ጠየቅከኝ?"

ጎረቤቱ የተኩላ ወገን ነበርና ነገሩ እነሱ ወደሚቀመጡበት ወደ እሳቱ ማዶ ተሻገረ። የመንግሥት ጉዳይ አሳማ ጅራት ላይ ተንጠልጥሎ ዋለ። ላይማንን የገሠጸው የለም፤ ያፌዘበትም የለም። በቆሎው ምን ያህል እንደተበላ፣ አሳማዎቹ በየት እንደሚገቡ፣ ለምን ቀድሞ እንዳልተናገረ ጠየቁት፤ እሱም ማንም ሰምቶት እንደማያውቅ ሰው ተናግሮ ተናግሮ ወጣለት። መሬት ተቆርሶ የተሸጠበት ሌላ ሕዝብ ዛሬ የት እንዳለም አንድ ሽማግሌ ነገረው። በመጨረሻ ያ የተኩላ ወገን ሰው ተነሥቶ፣ "አሳማዎቼን ነገውኑ በረት አስገባለሁ፤ የተበላውንም ከማሳዬ እተካለሁ" አለ። ላይማንም ጥቂት አሰበና፣ "እንግዲያስ አይቆረስ" አለ። ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር።

ኤሌክታ ከሴቶቹ መቀመጫ የልጇን ፊት ስታይ ነበር የዋለችው። ኦሪን ላይማንን፣ አዲስ ነገር የሚያስተምረውን ትልቅ ሰው እንደሚያይ ልጅ ያየው ነበር። "አንድ ሰው ጥሪልኝ" ብሏት ነበር በጋሪው ላይ። ሰውየው ይኸው፣ ዕድሜ ልኩን ከአጠገቡ ተቀምጦ ኖሯል።

በነጋታው ኮሚሽነሮቹ ሲመጡ አዲስ ችግር ተፈጠረ፤ የሚያስተረጉም የለም። ኮሚሽነሮቹ በኦሪን ተማምነው ሌላ አልያዙም። ፊሊንዳ ትናንት ለአፍታ ብታስተረጉምም፣ ለሸንጎው ቃል ግን ምላሷን ራሷም አታምነውም። የእሳቱ ጠባቂ ወደ ኤሊ ወገን መቀመጫ አየ። "ኦሪን፣ የኛን ቃል ታደርስልናለህ? የኛን ብቻ።"

ኦሪን ተነሣ። ባዶ ራሱን፣ በነተበ ኮቱ፣ ከሽማግሌው ኋላ ቆመ።

ሽማግሌው በመጀመሪያ ኮሚሽነሮቹ ትናንት ያሉትን አንድ ሳያስቀር ደገመላቸውና፣ "ያላችሁት ይህ ነው?" አለ። "ይህ ነው" አሉ። ከዚያም፣ "ሴቶቻችን ተነጋገሩ፤ ወንዶቻችን ተነጋገሩ፤ ከእሳቱ ወዲህና ወዲያ ተሻገረ። ልባችን አንድ ነው። መሬቱ አይቆረስም" አለ። ኦሪን ያንኑ አለ። ኤሌክታ ጆሮዋን አቁማ አዳመጠች፤ እናት ለልጆቿ ተቆርሳ አትታደልም የሚለው አማላይ ቃል ይመጣል ብላ ፈራች። አልመጣም። አምስቱ ቃል አምስት ሆኖ ወጣ።

ትልቁ ኮሚሽነር ጠረጴዛውን መታ። "ይህ እኮ አንተው ጣቢያ ላይ ያልከው ነው! ታዲያ ለምን አዋረዱህ?" ከዚያ ድምፁን አለሰለሰና ወደ ኦሪን ጠጋ አለ። "ስማኝ፣ አንተ አዋቂ ሰው ነህ። እንዲህ ላደረጉህ ሰዎች ልታስተረጉም ነው? እነሱን ተዋቸው። አንተ ራስህ አሁን ምን ትላለህ?"

የከተማውን ቋንቋ የሚሰሙት ሁሉ ቀዘቀዙ። ኤሌክታ ቆቡን ያስቀመጠችበትን ከረጢት ጭምቅ አድርጋ ያዘች። ሰው ሲጠይቀው ዝም ማለት የማይችለውን ልጇን፣ በቆሰለበት ቦታ ላይ ጠየቁት። ኦሪን ኮሚሽነሩን አየው። ከዚያ ጀርባውን ሰጠውና ወደ ሸንጎው ዞሮ በገዛ ቋንቋው ተናገረ።

"ይህ ሰው፣ ላዋረዱህ ሰዎች ለምን ታስተረጉማለህ ይለኛል። ደግሞም አንተ ራስህ ምን ትላለህ ይለኛል። ምን ልበለው?"

መጀመሪያ የሳቀው ላይማን ነው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ከእሳቱ ወዲያ ያሉት ሹማምንት እንኳ ሰባት ስንዝር ቆዳቸው ሳቁን አልከለለላቸውም። የእሳቱ ጠባቂ ዓይኑን እየጠረገ፣ "ትናንት በመቀመጫህ ላይ ተናግረሃል፤ ቃልህ ከቃላችን ውስጥ አለ በለው" አለ። ኦሪንም ዞሮ እንዲያ አለው።

ያኔ ነው ኤሌክታ ያለቀሰችው። ቆቡን ስትቀበል እምቢ ያላት እንባ አሁን ሳታፍርበት በጉንጮቿ ላይ ወረደ። ፊሊንዳ ክንዷን ይዛ በጆሮዋ፣ "አሁን ገና ሹም ሆነ!" አለቻት። እንግዳዋ ምን እንደተባለ ስትሰማ የኤሌክታን ቀሚስ ጎተተች። "ይመልሱለታል አይደል? ዛሬ ሰው ሁሉ አይቶታል እኮ!"

"አይመለስም" አለች ኤሌክታ። "አንዴ የወረደ ቀንድ በዚያው ራስ ላይ አይመለስም።"

"ለምን?"

ኤሌክታ መልሱን ታውቀዋለች፤ ስትጠየቅ መመለስም ትወዳለች። ዛሬ ግን አንገቷን ነቀነቀችና ወደ ውጭ ወጣች።

ኦሪን ዳገቱ ላይ ደረሰባትና ከረጢቱን ከትከሻዋ ተቀበላት። በውስጡ ምን እንዳለ ያውቃል። ጥቂትም አብረው ወረዱ።

"ወንበሩ ባዶ እንዳይሰነብት" አለ። "ማንን አሰብሽ?"

"አንተን" አለችው። "ያውም ዛሬ።"

ኦሪን ከረጢቱን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረና እጇን ያዘ።

"እኔማ አለፈኝ፣ እማዬ። ሌላ ፈልጊ።"

"እፈልጋለሁ" አለች፤ ቁልቁለቱንም ተያይዘው ወረዱ።